በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ያልተገናኙ ሁለት ገጾች

በፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ለዕጩ መምህራን የሚታደል አንድ ማስታወሻ አለ። አርባ ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያ በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ መኪና የተባዛ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ እየተነሣ እዚህ ደርሷል፤ በአንዳንዱ ገጽ ላይ ፊደሉ ከጥላሸት የማይለይ ሆኗል። እኛ ራሳችን ዕጩዎች ሳለን ተምረንበታል፤ ዛሬ ደግሞ እናስተምርበታለን። እንግዲህ ከዚህ በታች የምናቀርበው ሂስ በግማሹ ግለሂስ ነው ማለት ነው። አንዳንድ አንባቢያን፣ ሂስ ስለ ታተመ መጽሐፍ እንጂ ስለ ተባዛ ማስታወሻ ይጻፋልን? ይሉን ይሆናል። ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መምህሩ በብብቱ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባው ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ሳይሆን ማስታወሻውን ነው። መጽሐፍ ገምጋሚ አለው፤ ማስታወሻን ግን የሚያይለት የለም።

ለዚህ ሂስ ያነሣሣን ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት የገጠመን ነገር ነው። ከዕጩዎቻችን አንዷ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ራዲዮአክቲቭነት ስታስተምር፣ እኛ እንደ ደንቡ ከኋላ ተቀምጠን እንመዝናለን። ትምህርቱ ጥሩ ነበር። የጊዜ አከፋፈሏም፣ የሰሌዳ አጠቃቀሟም የሚነቀፍ አልነበረም። በመጨረሻ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ስትጋብዝ አንድ ልጅ ተነሣና እንዲህ አለ፦ «ቲቸር፣ አባቴ ሆስፒታል መርፌ ተወግቶ አጥንቱን ፎቶ አንሥተውት መጣ። ጨረር ነው ስላሉት እናቴ ትንሿን እህቴን እንዳያቅፍ ከለከለችው። የሚተኛውም ለብቻው ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው። እስከ መቼ ነው?» ልጁ ከሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አንድ ቃል በደብተሩ ገልብጦ ነበርና እሱንም አነበበው። ቃሉ «ቴክኒሽየም» ነው።

ዕጩዋ ማስታወሻውን ገለጠች። ቃሉ የለም። ያለው፣ ጨረር ሕዋሳትን እንደሚጎዳ፣ በዘር ላይ ለውጥ እንደሚያመጣና ከአቶም ቦምብ የተረፉት ሰዎች ለዓመታት እንደ ታመሙ የሚገልጽ አንቀጽ ነው። እሱኑ ነገረችው። ልጁ ተቀመጠ። እኛም ከኋላ ሆነን በመመዘኛው ቅጽ ላይ የተማሪን ጥያቄ ማስተናገድን በሚመለከተው ረድፍ ከአምስት አራት ሰጠናት። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ደቂቃ መልሱን በቁጥር አስቀምጡ ብንባል እኛም አንችልም ነበር።

ወደ ማስታወሻው እንመለስ። በመጀመሪያ በጎ ጎኑን መናገር ተገቢ ነው። ቋንቋው ጥርት ያለ ነው። የግማሽ ዕድሜን ትርጉም የሚያስረዳበት መንገድ ዛሬ ካሉት መጻሕፍት ከብዙዎቹ ይሻላል፤ የሰነፍ መምህር ቀመር አስቀምጦ አያልፍም፤ ከቀረው ግማሹ፣ ከቀረው ግማሹ እያለ በእህል ቁና ምሳሌ ያስረዳል። የአልፋ፣ የቤታና የጋማ ጨረሮችን ልዩነትም በአንድ ገጽ ጨርሶታል። ይህን ያዘጋጁት መምህራን ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ።

ጉድለቱ ያለው በሁለት ገጾች መካከል ነው። በገጽ 17፣ ስለ ማግኔታዊ ኃይል በሚናገረው ምዕራፍ፣ ሳይክሎትሮን ይገኛል። በገጽ 36፣ የራዲዮአይሶቶፕ ጥቅም በሚለው ርእስ ሥር፣ ራዲዮአይሶቶፖች በሕክምና እንደሚያገለግሉና የሚመረቱትም በኑክሌር ሪአክተር ውስጥ እንደ ሆነ ተጽፏል። በመካከላቸው ዐሥራ ስምንት ገጽ አለ። አንዱ ስለ ሌላው አንዲት ቃል አይናገርም። በገጽ 17 ያለው መሣሪያ አቶምን የሚሰብር የሊቃውንት መጫወቻ ይመስላል፤ በገጽ 36 ያለው መድኃኒት ደግሞ ከቦምብ ፋብሪካ ተርፎ የመጣ ነገር ይመስላል። ተማሪው የመጀመሪያውን ለፈተና ያጠናዋል፤ ሁለተኛውን ይፈራዋል።

ገጽ 17ን ጠጋ ብለን እንመልከት። ሳይክሎትሮን ማለት፣ ለማስታወስ ያህል፣ አንድ ክብ ጠፍጣፋ ሣጥን ከመካከሉ ለሁለት የተከፈለ የሚመስሉ ሁለት ባዶ የመዳብ ቁራጮች አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ በትልቅ ማግኔት ዋልታዎች መካከል የሚቀመጡበት መሣሪያ ነው። ፕሮቶኑ ከመካከል ይነሣል። በሁለቱ ቁራጮች መካከል ያለውን ክፍተት በተሻገረ ቁጥር የኤሌክትሪኩ መስክ ይገፋዋል፤ ማግኔቱ ደግሞ እያጠፈ ወደ ክፍተቱ ይመልሰዋል። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ክቡ ይሰፋል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ አለመለወጡ ነው፤ ፈጣኑ ትልቁን ክብ፣ ቀርፋፋው ትንሹን ክብ በእኩል ጊዜ ይዞራሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በአንድ ቋሚ ድግግሞሽ አቅጣጫውን ቢለዋውጥ ይበቃል። ይህን ለማረጋገጥ ማግኔታዊውን ኃይልና ወደ መሐል የሚስበውን ኃይል እኩል አድርጎ ራዲየሱ ሲጣፋ ማሳየት ብቻ ነው። በጠመኔ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስታወሻው ይህን ካሳየ በኋላ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ በ1 ቴስላ መስክ ውስጥ ፕሮቶን በሰከንድ ስንት ጊዜ ይዞራል? መልሱ 15.2 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ተማሪው መልሱን ያገኛል፣ ሙሉ ማርክ ያገኛል፣ ገጹን ይገለብጣል። የጎደለው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው፦ መስኩ 1.5 ቴስላ፣ የመጨረሻው ራዲየስ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን ፕሮቶኑ በምን ያህል ጉልበት ይወጣል? ሒሳቡ 17 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሰጣል። ይህ ተራ ቁጥር አይደለም። ዛሬ በብዙ ከተሞች ሆስፒታል ጓሮ ተተክለው ለካንሰር ምርመራ የሚያገለግለውን ፍሎሪን-18 የሚያመርቱት ሳይክሎትሮኖች የሚሠሩት በዚሁ መጠን አካባቢ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የፕሮቶን መንገዱ ከመምህሩ ጠረጴዛ አይሰፋም፤ የማግኔቱ ብረት ግን ከአሥር ቶን በላይ ይመዝናል። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቀና ይላል።

ስለ ሥዕሉም አንድ ነገር እንበል። በገጽ 17 የተሣለው የፕሮቶኑ መንገድ እንደ ትንኝ ማባረሪያ ጥምዝ ከመካከል እስከ ዳር እኩል ክፍተት አለው። ስሕተት ነው። ፕሮቶኑ በየሽግግሩ እኩል ጉልበት ይጨምራል፤ ራዲየሱ ግን የሚያድገው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ልክ ስለ ሆነ፣ ዙሮቹ ወደ ዳር በሄዱ ቁጥር እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ይህ ከንቱ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዙሮቹ በዳር ስለሚጠባበቁ ጨረሩን ለይቶ ማውጣት ለመሐንዲሶች አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። በዛሬዎቹ የሕክምና ሳይክሎትሮኖች ውስጥ መፍትሔው የሚያስደስት ነው፦ የሚያፋጥኑት ሁለት ኤሌክትሮን ያለውን አሉታዊ ሃይድሮጅን ነው፤ ዳር ሲደርስ በስስ የካርቦን ገለፈት ውስጥ ያሳልፉታል፤ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ተገፈው ይቀራሉ፤ አዎንታዊ የሆነው ፕሮቶን በዚያው ማግኔት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ታጥፎ በራሱ ይወጣል። የቀኝና የግራ እጅን ሕግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ማስታወሻው ስለ ታሪኩ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይክሎትሮንን አሜሪካዊው ኧርነስት ሎረንስ እንደ ፈለሰፈው ይናገራል። እውነት ነው፤ ሎረንስና ተማሪው ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1931 በበርክሊ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ከመዳፍ ብዙም በማይሰፋ መሣሪያ፣ ሁለት ሺህ በማይሞላ ቮልት፣ የ80 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አገኙ። ሎረንስ በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። ይሁን እንጂ ለመምህር የሚጠቅመው የድሉ ታሪክ ሳይሆን የስሕተቱ ታሪክ ይመስለናል። በ1934 መጀመሪያ ላይ በፓሪስ ኢሬንና ፍሬደሪክ ዦሊዮ-ኩሪ አሉሚኒየምን በአልፋ ቅንጣቶች ደብድበው በሰው እጅ የተሠራ ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ አገኙ። ወሬው በርክሊ ሲደርስ ሎረንስና ባልደረቦቹ ደነገጡ። ለካ የእነርሱ ሳይክሎትሮን ወራት ሙሉ ያንኑ ሲሠራ ኖሯል! የጋይገር መቁጠሪያቸውና ሳይክሎትሮኑ የሚበሩትና የሚጠፉት በአንድ ማብሪያ ስለ ነበረ፣ ጨረሩ ሲቆም መቁጠሪያውም አብሮ ይቆማል፤ ኢላማው ከዚያ በኋላ ብቻውን የሚያሰማውን የሚሰማ አልነበረም። ማብሪያውን ሲለያዩት መቁጠሪያው ያለማቋረጥ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ወደ ሕክምና ለመግባት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብዙም አልፈጀበትም። የሎረንስ ወንድም ሐኪሙ ጆን ሎረንስ በ1936 መጨረሻ ከሳይክሎትሮን የተገኘ ፎስፎረስ-32 ለደም ካንሰር በሽተኛ ሰጠ። በዚያው ዓመት በቦስተን ሳውል ኸርትዝ የተባለ ሐኪም በአንድ ፊዚሲስት ንግግር ላይ ተገኝቶ፣ አዮዲንን ራዲዮአክቲቭ ማድረግ ይቻላልን? ሲል ጠየቀ። ይህን ጥያቄ የጠየቀው የታይሮይድ ሐኪም ስለ ነበረ ነው። እንቅርት በሚታወቅባት አገራችን አዮዲን ወደ የትኛው ዕጢ እንደሚሄድ ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከአያቱ ሰምቶታል። በ1938 ሊቪንጉድና ሲቦርግ በዚያው በበርክሊ ቴሉሪየምን ደብድበው አዮዲን-131ን አገኙ፤ ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው። ሲቦርግ በኋላ ዘመን የገዛ እናቱ በዚሁ አዮዲን ታክማ ዕድሜዋ እንደ ተራዘመ ተናግሯል። ይህ ሁሉ የሆነው ሪአክተር የሚባል ነገር በዓለም ላይ ከመኖሩ በፊት ነው፤ የመጀመሪያው ሪአክተር በቺካጎ የሠራው በታኅሣሥ 1942 ነውና። ማስታወሻው ልጅን ከአባት አስቀድሟል።

አሁን ወደ ልጁ ቃል እንምጣ። ቴክኒሽየም በተፈጥሮ የማይገኝ ያህል ነው። በሠንጠረዡ ላይ 43ኛው ቦታ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር። በ1937 መጀመሪያ ላይ ሎረንስ ከሳይክሎትሮኑ የወለቀ የሞሊብዲነም ቁራጭ በፖስታ ወደ ፓሌርሞ፣ ለኤሚሊዮ ሴግሬ ላከለት። ብዙ ጊዜ በጨረር የተመታ፣ ሌላው ሰው ቢሆን የሚጥለው ብረት ነው። ሴግሬ ከማዕድን ኬሚስቱ ከካርሎ ፔሪየር ጋር ሆኖ በኬሚካዊ መንገድ ሲያበጥረው 43ኛውን ንጥረ ነገር አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ሴግሬና ሲቦርግ ቴክኒሽየም-99ኤም የሚባለውን ለዩ። ይኸውም 6 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለው፣ ቤታ የማይተፋ ያህል የሆነ፣ 140 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ብቻ የሚሰጥ፣ ለፎቶ የተፈጠረ የሚመስል ነው። እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ግን ማንም አልፈለገውም። ያን ጊዜ የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ሰዎች 66 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለውን ወላጁን ሞሊብዲነም-99ን በአሉሚና ዓምድ ላይ አስረው፣ የሚወለደውን ቴክኒሽየም በጨው ውሃ እያጠቡ መውሰድን ፈለሰፉ። በሆስፒታል ያሉ ባለሙያዎች ይህችን ዕቃ «ላም» ይሏታል፤ በየማለዳው ትታለባለች፣ እስከ ማግሥቱ ታግታ ትጠብቃለች። የልጁ አባት የተወጋው ከእንዲህ ያለች ላም የታለበ ነው። በዓለም ላይ በኑክሌር ሕክምና ከሚደረገው ምርመራ አብዛኛው የሚካሄደው በዚሁ ቴክኒሽየም ሆኖ ሳለ፣ በአርባ ሁለት ገጽ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሣቱ ከባዱ ጉድለት ነው።

ለማስታወሻው ፍትሕ ለመስጠት፣ ሪአክተርን ማንሣቱ ሐሰት አይደለም። ሞሊብዲነም-99 በብዛት የሚገኘው ዩራኒየም በሪአክተር ውስጥ ሲሰነጠቅ ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት መሆኑ በ2009 በግልጽ ታየ። በካናዳ ቾክ ሪቨር የሚገኘውና ከዓለም ፍላጎት ሲሶ ያህሉን ያቀርብ የነበረው ሪአክተር በግንቦት ወር ከባድ ውሃ ስላፈሰሰ ቆመ፤ እስከ ነሐሴ 2010 አልተነሣም። በመካከሉ በሆላንድ የፔተን ሪአክተር ለጥገና ቆመ። ሁለቱም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መባቻ የተሠሩ አሮጌዎች ነበሩ። በብዙ አገር ሆስፒታሎች ምርመራ አስተላለፉ፤ የቻሉትም በሌላ አይሶቶፕ ተኩ። ካናዳውያን ከዚህ በኋላ ወደ ገጽ 17 ተመለሱ ማለት ይቻላል። የትራያምፍ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ሞሊብዲነም-100ን በፕሮቶን በመምታት፣ አንድ ፕሮቶን ገብቶ ሁለት ኒውትሮን ሲወጣ፣ በሆስፒታል ባለ ሳይክሎትሮን ቴክኒሽየም-99ኤምን በቀጥታ ማምረት እንደሚቻል በ2012 አሳዩ። የቾክ ሪቨሩ ሪአክተር በመጋቢት 2018 ለዘለቄታው ተዘጋ።

ከፍሎሪን-18 የተሻለ የክፍል ምሳሌ ግን የለም። ኢላማው ውሃ ነው፤ ጥቂት ሚሊሊትር ውሃ። ከአምስት መቶ የተፈጥሮ ኦክስጅን አቶሞች አንዱ ብቻ ኦክስጅን-18 ስለ ሆነ፣ ውሃው በዚሁ አይሶቶፕ የበለጸገና ውድ መሆን አለበት። ፕሮቶን ይገባል፣ ኒውትሮን ይወጣል፤ 8 የነበረው 9 ይሆናል፣ 18 የነበረው 18 ሆኖ ይቀራል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሒሳቡን ያመዛዝናል። ፍሎሪኑ ከስኳር ጋር ይያያዝና ወደ ደም ይገባል፤ ካንሰር ስኳር ስለሚወድ ሆዳምነቱ ያጋልጠዋል። በ1976 የመጀመሪያው ለሰው የተሰጠው እንዲህ ያለ ስኳር የተሠራው በብሩክሄቨን ሲሆን፣ የተሰጠው ግን በፊላደልፊያ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ስለ ሆነ በትንሽ አውሮፕላን ተጣድፎ ተወሰደ። ዛሬ በናይሮቢ በሆስፒታል ውስጥ ሳይክሎትሮን አለ። እንግዲህ ለተማሪዎቻችን ይህን እንጠይቃቸው፦ ከናይሮቢ አዲስ አበባ በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በመጫኛና በማውረጃ ሌላ ሁለት ሰዓት ቢያልፍ ከተነሣው ስንት እጁ ይደርሳል? ከአምስት አንድ እጅ ትንሽ ይበልጣል። ይህ ጥያቄ ስለ ርቀት፣ ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ ባንድነት ያስተምራል።

እዚህ ላይ በተቃራኒው የሚሠራ ስሕተትም አለ። በቅርቡ አንዳንድ ባልደረቦቻችን በማስታወሻው ጀርባ የሚለጠፍ አንድ ገጽ አዘጋጅተው፣ ከእንግዲህ ሪአክተር እንደማያስፈልግና ሳይክሎትሮን ሁሉን እንደሚተካ ጽፈዋል። ቅንነታቸውን ብናደንቅም አንስማማም። ከሳይክሎትሮን በቀጥታ የሚወጣው ቴክኒሽየም በ6 ሰዓት ስለሚከስም የሚያዳርሰው ከተማውንና አካባቢውን ነው፤ ላሟ ግን አህጉር ታቋርጣለች። ሞሊብዲነም-100ም ከተፈጥሮው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ማበልጸግ ይጠይቃል። ለሕክምና ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት አዮዲን-131 ዛሬም የሚመጣው ከሪአክተር ነው። ሳይክሎትሮን ደግሞ ንጹሕ ነው ሲባል በሚሠራበት ሰዓት ኒውትሮን እንደሚረጭ፣ በወፍራም ኮንክሪት መከበብ እንዳለበት፣ ዘወትር የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ፣ ኬሚስት፣ ፋርማሲስትና መሐንዲስ እንደሚፈልግ መዘንጋት የለበትም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። እርግጥ ማብሪያው ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ያገለገለ የዩራኒየም ነዳጅ የለውም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

በዚህ ረገድ ደቡብ አፍሪካ የምትሰጠው ምሳሌ ከሁለቱም ወገን ጽንፍ ይሻላል። በፔሊንዳባ ያለው ሪአክተር ሞሊብዲነም-99 ያመርታል፤ በኬፕ ታውን አጠገብ ያለው የአይቴምባ ቤተ ሙከራ ደግሞ በሳይክሎትሮን ጀርማኒየም-68 ያመርታል። ጀርማኒየሙ 271 ቀን ግማሽ ዕድሜ ያለው ሌላ ዓይነት ላም ነው፤ የሚታለበው ጋሊየም-68 በ68 ደቂቃ ቢከስምም ላሟ ለወራት ታገለግላለች። የማፍጠኛ መሣሪያ ለሌለው ሩቅ አገር ከሳይክሎትሮን የሚደርሰው ስጦታ እንዲህ ያለው ነው። የተለጠፈው ገጽ ስለዚህ ምንም አይልም።

የቀረው ማስታወሻው ስለ አደጋ የጻፈው አንቀጽ ነው። ስሕተቱ ማስፈራራቱ አይደለም፤ ጨረር የሚፈራ ነገር ነው። ስሕተቱ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። ለታይሮይድ ሕክምና ብዙ አዮዲን-131 የወሰደ ሰው ለቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ፣ ለብቻው መተኛት አለበት፤ የልጁ እናት ያደረገችው ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ቢሆን ትክክል ነበር። በቴክኒሽየም አጥንቱን የተነሣ ሰው ግን ጥንቃቄው የሰዓታት ጉዳይ ነው። ከዚህም ሌላ ከሰውነቱ የሚወጣው ጋማ ሌላውን ሰው ራዲዮአክቲቭ አያደርግም፤ እንደ ጉንፋን አይጋባም። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በማስታወሻው ውስጥ ብትኖር ኖሮ ያ ልጅ እንዲያ ሆኖ አይቀመጥም ነበር።

ሒሳቡን ከዕጩዋ ጋር ሆነን በኋላ ሠራነው። 600 ሜጋቤኬሬል ቴክኒሽየም ተወጋ ብንል፣ ይህ 19 ትሪሊዮን ገደማ አቶም ነው፤ ብዛቱ ያስደነግጣል፣ ክብደቱ ግን ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ሦስት ያህሉ ነው። በ24 ሰዓት አራት ጊዜ ስለሚጋመስ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ይቀራል፤ በሽንት የወጣው ሳይቆጠር። በአሥራ ሁለት ቀን 48 ጊዜ ይጋመሳል፤ ያን ጊዜ በሒሳቡ አንድ አቶም እንኳ አይደርስም። ነገሩን ጠለቅ አድርጎ የሚያይ አንባቢ፣ ልጁ ቴክኒሽየም-99 ራሱ 211 ሺህ ዓመት ግማሽ ዕድሜ አለው፣ እርሱስ? ይለን ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ በሰውየው ውስጥ ቀርቶ ነው ብንል እንኳ የሚሰጠው 2 ቤኬሬል ገደማ ነው፤ ማናችንም በምግባችን ውስጥ ባለው ፖታሲየም-40 ምክንያት ተሸክመነው የምንዞረው ግን ወደ 4,000 ቤኬሬል ነው። ሕፃኗም የራሷ አላት።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፈን ለልጁ ሰጠነው። አባትየው በዚያው ሌሊት ወደ ቤቱ ተመለሰ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር። ልጁ እንደ ነገረን ግን እናቱ ወረቀቱን ወስዳ ጤና ጣቢያ ላለችው ነርስ አሳይታ፣ ነርሷ አንብባ «እውነታቸውን ነው» ካለቻት በኋላ ነው የተስማማችው። አልፈረድንባትም። የመምህር ማስታወሻ አንድ ጊዜ አስፈራርቷታልና በሌላ የመምህር ወረቀት ብቻ እንድታምን መጠበቅ ይከብዳል። የዕጩዋንም ውጤት አልለወጥንም፤ ጉድለቱ የእርሷ ስላልነበረ፣ ቅጹ ላይ ግን በእርሷ ስም እንጂ በእኛ ስም ረድፍ ስለሌለው።

ለሚመጣው ዓመት ገጽ 36ን እንደ ገና ጽፈነዋል፤ ወደ ገጽ 17 የሚመራ መስመር ገብቶበታል፣ የ17 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልቱ ጥያቄም በሁለቱ መካከል ተቀምጧል። ሪአክተርን «ማብላያ» እንበለው ወይስ በልማዱ እንተወው በሚለው ላይ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ አንድ ሰዓት ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን። የገጽ 17 ጥምዝ ሥዕልም ገና አልታረመም። ሦስት ጊዜ በእጅ ሞከርነው፤ ሦስቴም የትንኝ ማባረሪያ ሆኖ ወጣ። ኮምፓስ ይዞ የራዲየሶቹን ስኩዌር ሩት እየለካ የሚሥልልን ባልደረባ ካለ ወረቀቱን እንልክለታለን።